«ዝም በል» የሚለው ትእዛዝ፦ የአንጎል ኦፒዮይድ ሥርዓትና ድባቴ

ሞርፊን ከፖፒ ተክል ጭማቂ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። ሰው ሲወስደው ሕመሙ ይበርዳል፣ ጭንቀቱ ይረግባል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ትንፋሹ ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንጎላችን ውስጥ ሞርፊን የሚያርፍባቸው ልዩ ቦታዎች ስላሉ ነው። ግን አንጎል ለአንድ ተክል ጭማቂ ማረፊያ ያዘጋጀው ለምን ይሆን? ለተክሉ ብሎ አላዘጋጀም። አንጎል ሞርፊን የሚመስሉ የራሱ ኬሚካሎች አሉት፤ ማረፊያዎቹም የእነሱ ናቸው። ተክሉ ቁልፉ የገጠመለት እንግዳ ነው።

ይህ የውስጥ ሥርዓት፣ ማለትም የኦፒዮይድ ሥርዓት፣ ስሙ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከሕመም ማስታገሻና ከሱስ ጋር ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ከድባቴ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ተመራማሪዎችን ስቧል፤ በእሱ በኩል የሚሠሩ መድኃኒቶችም ተሞክረው አንዳንዶቹ ተስፋ ሰጥተዋል፣ አንዳንዶቹ ወድቀዋል። በዚህ መሃል ሁለት የተሳሳቱ ድምዳሜዎች ተሰራጭተዋል። አንዱ «ድባቴ የኢንዶርፊን (አንጎል ከሚሠራቸው ሞርፊን መሰል ኬሚካሎች አንዱ) እጥረት ነው» ይላል። ሌላው ከመጀመሪያው ይቀጥልና «እንግዲያው ሞርፊን መሰል መድኃኒት ያድነዋል» ይላል። ሁለቱም የማያስኬዱበት ምክንያት ሥርዓቱ ከሚሠራበት መንገድ ውስጥ ነው ያለው።

ድባቴ ስንል የትኛውን ነው?

«ዛሬ ድብር ብሎኛል» የምንለውን አይደለም። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚቆይ ሕመም ነው። ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱ መታየት አለባቸው። ከእነዚህም መካከል አንዱ የግድ ወይ የከፋ ሐዘን ወይ የደስታ መጥፋት መሆን አለበት። የቀሩት የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ከንቱ አድርጎ ማየት፣ የእንቅስቃሴ መንቀርፈፍ ወይም መቁነጥነጥ እና የሞት ሐሳብ ናቸው።

«የደስታ መጥፋት» የሚለውን ልብ ይበሉ። በሕክምናው አንሄዶኒያ ይባላል። ሰውየው የግድ አያለቅስም፤ ቀድሞ ያስደስተው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ያጣበታል እንጂ። የኦፒዮይድ ሥርዓት ወደ ድባቴ የሚገባበት ዋናው በር ይህ ነው።

አንጎል የራሱን ኦፒዮይድ እንደሚሠራ እንዴት ታወቀ?

ኦፒዮይድ ማለት ሞርፊን በሚያርፍባቸው ቦታዎች ላይ የሚያርፍ ማንኛውም ኬሚካል ነው፤ ከተክል ይምጣ፣ በፋብሪካ ይሠራ፣ ወይም አንጎል ራሱ ያምርተው። ማረፊያዎቹ ተቀባዮች ይባላሉ፤ በነርቭ ሕዋሳት ሽፋን ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች ናቸው። መኖራቸው የተረጋገጠው በ1973 ሲሆን (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው ናቸው)፣ በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር፣ በኒው ዮርክ ኤሪክ ሳይመን፣ በስዊድን ደግሞ ላርሽ ቴሬኒየስ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለየብቻቸው ደረሱበት።

መቆለፊያው ከተገኘ ቁልፉ መፈለጉ አይቀርም። በ1975 ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ በስኮትላንድ አበርዲን ከአሳማ አንጎል ሁለት ጥቃቅን ኬሚካሎች አወጡ፤ እያንዳንዳቸው 5 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላቸው፣ ኤንኬፋሊን የተባሉ። በ1976 ቾ ሃኦ ሊ ከግመል ፒቱታሪ ዕጢ 31 አሚኖ አሲድ ያለውን ቤታ ኢንዶርፊን ለየ። ሊ መጀመሪያ ሲያሳድድ የነበረው የሕመም ማስታገሻ ሳይሆን ከስብ ጋር የተያያዘ ሆርሞን ነበር። በ1979 ደግሞ አቭራም ጎልድስታይንና ባልደረቦቹ ዳይኖርፊንን አስተዋወቁ። በኋላ ለድባቴ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገን ይኸኛው ነው።

ኢንዶርፊን የሚለው ስም ራሱ «ከውስጥ የሚመነጭ ሞርፊን» የሚል ሐረግ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ቤታ ኢንዶርፊን የሚወጣበት እናት ፕሮቲን ሲቆራረጥ ሌላም ነገር ይወጣዋል፤ አድሬናል ዕጢን ቀስቅሶ ኮርቲሶል የሚያስመነጨው የውጥረት ሆርሞን። ሰውነት የውጥረቱን ማንቂያና የውጥረቱን ማብረጃ ከአንድ ግንድ ይቆርጣቸዋል ማለት ነው።

ተቀባዮቹ ምን ይሠራሉ?

ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሚዩ፣ ዴልታ እና ካፓ። ሚዩ ስሙን ያገኘው ከሞርፊን የመጀመሪያ ፊደል ነው። ቤታ ኢንዶርፊንና ኤንኬፋሊን በሚዩና በዴልታ ላይ ያርፋሉ፤ ዳይኖርፊን በተለይ በካፓ ላይ።

ሦስቱም ለሕዋሱ የሚያስተላልፉት ትእዛዝ አንድ ነው፦ ዝም በል። ኦፒዮይዱ ሲያርፍ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይከፈታሉ፣ የካልሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ። ፖታሲየም ሲወጣ ሕዋሱ ለመቀስቀስ ይከብደዋል፤ ካልሲየም ካልገባ ደግሞ ኬሚካሉን ወደ ጎረቤቱ ሕዋስ መርጨት አይችልም።

ታዲያ ትእዛዙ አንድ ከሆነ፣ ሚዩ ሲነካ ሰው የሚደሰተው፣ ካፓ ሲነካ የሚከፋው ለምንድን ነው? ልዩነቱን የሚያመጣው ትእዛዙ የደረሰው ሕዋስ ማንነት ነው።

መሃል አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚረጩ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን «ይህ ነገር ይጠቅማል፣ ሂድለት» የሚል ምልክት ነው። እነዚህን ሕዋሳት እንደ ሞተር እናስባቸው። አጠገባቸው ጋባ የተባለ ኬሚካል የሚረጩ ሌሎች ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ፍሬን መያዝ ነው። የሚዩ ተቀባይ በብዛት ያለው በፍሬን ያዦቹ ላይ ነው። ኦፒዮይድ መጥቶ ፍሬን ያዡን ዝም ሲያሰኘው እግሩን ከፍሬኑ ላይ ያነሳል፤ ሞተሩ ይፈጥናል፤ ዶፓሚን ይጨምራል።

ካፓ ግን ያለው በሞተሩ በራሱ ላይ ነው፤ ዶፓሚን ከሚረጨው የሕዋስ ጫፍ ላይ ተተክሏል። ዳይኖርፊን «ዝም በል» ሲለው የሚጠፋው ራሱ ሞተሩ ነው።

ይህን ልዩነት የያዘ ሰው የቀረውን ጉዳይ ግማሹን ይዟል። «ኦፒዮይድ» የሚለው ስም በራሱ ስለ ደስታ ምንም አይናገርም።

ከብቸኝነትና ከመገፋት ጋር ምን አገናኘው?

ሚዩ ተቀባዮች የሚበዙት የአካል ሕመም በሚስተናገድባቸው ቦታዎች ብቻ አይደለም። ስሜትን በሚመዝነው አሚግዳላ፣ በታላመስ፣ በሲንጉሌት ቅርፊት የፊት ክፍል፣ ሽልማትን በሚያስተናግደው ኒውክሊየስ አኩምበንስም ሞልተዋል። በ1978 ያክ ፓንክሴፕና ባልደረቦቹ ከእናታቸው የተለዩ ቡችሎች በጣም ጥቂት ሞርፊን ሲሰጣቸው ማላዘናቸው እንደሚቀንስ አሳዩ፤ መጠኑ እንቅልፍ የሚያስወስድ አልነበረም። በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት ጉዳዩን ከተቃራኒው ጎን አየው። የሚዩ ተቀባይ እንዳይኖራቸው ተደርገው የተወለዱ የአይጥ ግልገሎች ከእናታቸው ሲለዩ እንደ ሌሎቹ አይጮሁም፤ ብርድ ሲነካቸው ግን ይጮሃሉ። ድምፃቸው አለ፤ የጎደላቸው የእናት ናፍቆት ነው ማለት ይቻላል።

በሰው ላይ ይህን መለካት ብልሃት ይጠይቃል፤ አንጎልን ከፍቶ ኢንዶርፊን መቅዳት አይቻልምና። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ፔት ስካንን ነው። ካርፌንታኒል የተባለ፣ ሚዩ ላይ አጥብቆ የሚያርፍ ኬሚካል ላይ የራዲዮአክቲቭ ካርበን ምልክት ያደርጉበትና እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን በደም ሥር ይሰጣሉ። የካርበኑ ጨረር በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቶሎ መሥራት አለባቸው። አለካኩ እንዲህ ነው፦ አንጎል የራሱን ኦፒዮይድ ከረጨ ተቀባዮቹ ቀድመው ይያዛሉ፣ ለካርፌንታኒሉ የሚተርፈው መቀመጫ ያንሳል፣ ከዚያ ቦታ የሚታየው ምልክት ይደበዝዛል። የምልክቱ መደብዘዝ የመረጨቱ ማስረጃ ይሆናል።

በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውና በ2013 የታተመው ጥናት ለጤነኛ ሰዎች ሊተዋወቋቸው የሚችሉ ሰዎችን ፎቶና ማንነት አሳይቶ «የወደድካቸው እነሱ አልወደዱህም» ይላቸው ነበር። ሰዎቹ ማንነቶቹ እውነተኛ እንዳልሆኑ ቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሆኖም አንጎላቸው ኦፒዮይዱን ረጨ፤ የአካል ሕመም ሲሰማ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

በ2015 ይኸው ቡድን ሙከራውን መድኃኒት ባልጀመሩ የድባቴ ታማሚዎች ላይ ደገመው። ውጥረትንና ስሜትን በሚቆጣጠሩት አንዳንድ ቦታዎች የተረጨው ኦፒዮይድ ከጤነኞቹ ያነሰ ነበር፤ በመገፋቱ የመጣው ሐዘንም ቶሎ አልለቀቃቸውም። ውጤቱን ግን ከሚለው በላይ ማስባል አይገባም። ተሳታፊዎቹ በየቡድኑ 20 እንኳን አይሞሉም። የታየውም «ኢንዶርፊናቸው አልቋል» የሚል ሳይሆን፣ ማብረጃው በሚፈለግበት ቅጽበትና ቦታ በበቂ አልተረጨም የሚል ነው። ጋኑ ውኃ አለው፤ እሳቱ በተነሳበት ክፍል ግን ቧንቧው አልተከፈተም። ከሁለቱ የተሳሳቱ ድምዳሜዎች የመጀመሪያው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

ካፓ፦ መራራው ጎን

በ1986 የታተመ አንድ ጥናት በሰው ላይ ካፓን የሚነካ ኬሚካል ሞክሮ ነበር። ሰዎቹ የተሰማቸው ደስታ ሳይሆን መከፋት፣ መረበሽ፣ በሐሳብና በአካል መዛባት ነበር። ስሜቱ ዲስፎሪያ ይባላል፤ የደስታ ተቃራኒ ነው።

ሰንሰለቱ በእንስሳት ላይ በደንብ ተጠንቷል። ውጥረት ሲመጣ ሲአርኤፍ የተባለው የውጥረት ኬሚካል ይለቀቃል። እሱ ዳይኖርፊንን ያስረጫል፤ ዳይኖርፊን ካፓ ላይ ያርፋል፤ የዶፓሚን ሕዋሱ ዝም ይላል። ለአጭር ጊዜ ይህ ጠቃሚ ነው፤ «እዚህ ቦታ አደጋ አለ፣ ራቅ» የሚል ትምህርት ያስተምራል። ውጥረቱ ሳያቋርጥ ሲቀጥል ግን ነገሩ ይለወጣል። በኒውክሊየስ አኩምበንስ ውስጥ ክሬብ የሚባል ጂን አስነሺ ፕሮቲን ይነቃና ብዙ ዳይኖርፊን እንዲመረት ያደርጋል። ያኔ ሞተሩ ውጥረቱ በሌለበት ሰዓትም ተይዞ ይቀራል። በአይጦች ላይ የካፓ ተቀባይን አስቀድሞ የሚዘጋ ኬሚካል ሲሰጥ፣ ከተደጋጋሚ ውጥረት በኋላ የሚመጣው ተስፋ የመቁረጥ ባህርይ ይቀንሳል።

ከውጥረት ተነስቶ ወደ ደስታ ማጣት የሚያደርስ በግልጽ የሚታይ መንገድ ማግኘት በድባቴ ጥናት ውስጥ ብዙም የተለመደ አይደለም። መድኃኒት ሠሪዎች ካፓ ላይ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ሞርፊን አይሰጥም?

ተሰጥቶ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለከባድ ሐዘንና መረበሽ የኦፒየም ጠብታ በየቀኑ እየጨመሩ፣ ከዚያ እየቀነሱ ይሰጡ ነበር። የዘመናዊ ሳይካትሪ አባቶች ከሚባሉት አንዱ የሆነው ኤሚል ክሬፕሊንም ይጠቀምበት ነበር። አሠራሩ የከሰመው በ1950ዎቹ እንደ ኢሚፕራሚን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች ሲመጡ ነው። ስለዚህ «ስሜትን ለጊዜው ያነሳል ወይ?» ከተባለ አዎ፣ ያነሳል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ችግር ቦታ ነው። አንጎል ኤንኬፋሊን ሲረጭ ለአንድ ችግኝ በጣሳ ውኃ እንደማጠጣት ነው፤ ክኒን መዋጥ ግን ወንዙን በማሳው ላይ መልቀቅ ነው። መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ሚዩ ያለበትን ሕዋስ ሁሉ ዝም ያሰኛል፤ የአንጀትን ነርቮች (ድርቀት የሚመጣው ለዚህ ነው)፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በአንጎል ግንድ ውስጥ ትንፋሽን የሚመሩትን። ከመጠን በላይ ኦፒዮይድ የሚገድለው ልብን በማቆም ሳይሆን፣ «ተንፍስ» የሚሉትን ሕዋሳት ዝም በማሰኘት ነው። ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው የሚሰጠው ናሎክሶን የሚያድነውም ሚዩ ላይ ሄዶ ኦፒዮይዱን ገፍቶ ስለሚቀመጥ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ኤንኬፋሊን ከተረጨ በኋላ ኢንዛይሞች ወዲያው ይቆርጡታል፤ መልእክቱ ብልጭ ብሎ ያልፋል። የሞርፊን ክኒን ግን ለሰዓታት ይቆያል። አንጎል ደግሞ ለብልጭታ እንጂ ለሰዓታት ጩኸት አልተሠራም። ዝም የተሰኘው ሕዋስ ተቀባዮቹን ያደነዝዛል፣ በውስጡም የሚያነቃቃ ኬሚካል ማምረቱን ያበዛል። መላመድ የሚባለው ይህ ነው፤ ለዛሬ የበቃው መጠን ለሚቀጥለው ወር አይበቃም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ደግሞ እጁ ሲነሳለት ወደ ላይ እንደሚፈናጠር ሞላ ሕዋሱ ከልክ በላይ ይነቃል፤ ላብ፣ ተቅማጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድንጋጤ፣ ጥልቅ ሐዘን ይመጣል።

ሦስተኛው ካፓ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። ኦፒዮይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ የዳይኖርፊን ጎኑን ያበረታል። ሰውየው ቀድሞ የሚወስደው ለመደሰት ከነበረ፣ አሁን ላለመከፋት ብቻ ይሆናል። በ2016 የታተመ ሰፊ የሕክምና መዛግብት ጥናት፣ ለሕመም ብለው ኦፒዮይድ ከ30 ቀን በላይ የወሰዱ ሰዎች አዲስ ድባቴ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል፤ የወሰዱት መጠን ሳይሆን የቆይታው ርዝመት ነበር ዋናው። ያድናል የተባለው ነገር ሕመሙን ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው።

እስካሁን ምን ምን ተሞከረ?

ከሁሉም በላይ ትኩረት ያገኘው ቡፕሬኖርፊን ነው። ሚዩን በከፊል ብቻ ይከፍታል፤ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚይዝ ሰው። ካፓን ደግሞ ይዘጋል። ሌላ መድኃኒት ላልሠራላቸው ጥቂት ታማሚዎች በ1995 ተሞክሮ ጥሩ ምልክት አሳይቶ ነበር። በ2016 የታተመ የእስራኤል ጥናት ደግሞ ከባድ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለባቸው ሰዎች እጅግ አነስተኛ መጠን ሰጠ፤ በቀን ከ0.1 ሚሊግራም ጀምሮ፣ በመጨረሻ በአማካይ 0.44 ሚሊግራም። ለኦፒዮይድ ሱስ ሕክምና በቀን 8 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ እንደሚሰጥ ስናስብ ይህ ጠብታ ነው። ከባዶ ክኒን ጋር ሲነጻጸር ሐሳቡ በ2 እና በ4 ሳምንት ይበልጥ ቀነሰ። ሙከራው የቆየው 4 ሳምንት ብቻ ነው፤ የሱስ ታሪክ ያላቸውም አልተካተቱበትም።

ከዚያ አንድ ኩባንያ ብልህ የሚመስል ነገር ሠራ። ቡፕሬኖርፊንን ሳሚዶርፋን ከተባለ ሚዩን የሚዘጋ መድኃኒት ጋር ቀላቀለው፤ ሱስ የሚያመጣውን ኃይል ለማለዘብ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ አማካሪ ኮሚቴ በኖቬምበር 2018 በ21 ለ2 ድምፅ ጥቅሙ ከጉዳቱ አይበልጥም አለ፤ በ2019 መጀመሪያም ተቆጣጣሪው ሳይቀበለው ቀረ። ከሙከራዎቹ አንዳንዶቹ ከባዶ ክኒን የተሻለ ውጤት ማሳየት አልቻሉም ነበር።

ቲያኔፕቲን ለየት ያለ ታሪክ አለው። በፈረንሳይ ተሠርቶ በአንዳንድ አገሮች ለድባቴ ለአሥርተ ዓመታት ሲታዘዝ ኖረ፤ 12.5 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ። እንዴት እንደሚሠራ ብዙ መላ ምት ነበር። በ2014 ነው ሚዩን እንደሚከፍት የታወቀው፤ ሚዩ የሌላቸው አይጦች ላይም ድባቴን የማስታገስ ጠባዩ እንደሚጠፋ በኋላ ታየ። በታዘዘው መጠን ብዙ ችግር አያመጣም። ነገር ግን ከሰውነት በፍጥነት ስለሚወጣ፣ ከመጠኑ በላይ የሚወስዱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ እየደጋገሙ ይውጡታል፤ ሱሱም የኦፒዮይድ ሱስ ነው። አሜሪካ ውስጥ እንደ መድኃኒት ሳይፈቀድ «ማነቃቂያ» ተብሎ በነዳጅ ማደያ ሱቆች መሸጡ ብዙዎችን ሆስፒታል አስገብቷል።

ካፓን ብቻ የሚዘጉት መድኃኒቶች በሐሳብ ደረጃ ከሁሉም ንጹሕ ናቸው፤ ትንፋሽ አያቆሙም፣ ሱስ አያስይዙም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው አቲካፕራንት በ2020 በወጣ ጥናት በቀን 10 ሚሊግራም ለ8 ሳምንት ሲሰጥ፣ ደስታ ላጡ ታማሚዎች ሽልማት ሲጠብቁ የሚነቃውን የአንጎል ክፍል ይበልጥ አነቃ። ተስፋው ከፍ አለ። በ2025 መጀመሪያ ግን ሌላው ካፓ ዘጊ ናቫካፕራንት በመጀመሪያው ትልቅ ሙከራው ከባዶ ክኒን አልተሻለም፤ ከሁለት ወር በኋላ የአቲካፕራንት ትልልቅ ሙከራዎችም ውጤታቸው በቂ አይደለም ተብሎ ቆሙ። በአይጥ ላይ ያማረ ሰንሰለት በሰው ላይ ሲላላ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አይጧ ላይ ውጥረቱ የሚመጣበት ሰዓት ይታወቃል፤ ድባቴ ይዞት ወደ ሐኪም የሚመጣ ሰው ግን ሕመሙ ስንትና ስንት ምክንያት ያለው፣ ዓመታት የቆየ ሊሆን ይችላል።

ኬታሚንም በዚህ ወሬ ውስጥ ስሙ አለ። ዋና ሥራው ግሉታሜት የተባለውን ኬሚካል ተቀባይ መዝጋት ነው፤ ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ማቅለሉም ይታወቃል። በ2018 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ኬታሚን ከመስጠታቸው በፊት ኦፒዮይድ ተቀባዮችን የሚዘጋውን ናልትሬክሶን 50 ሚሊግራም ሰጡ። ኬታሚኑ የሚያመጣው የመንሳፈፍ ስሜት እንዳለ ቀረ፤ ድባቴን የማቅለል ኃይሉ ግን በጣም ቀነሰ። ሁለቱንም ዙር የጨረሱት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። በሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ናልትሬክሶን የሚወስዱ ታማሚዎች ኬታሚን ጠቅሟቸዋል፤ ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

ባዶ ክኒን ለምን ይሠራል? ሩጫስ?

በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ መድኃኒቶቹን የሚፎካከረው ባዶ ክኒን፣ ማለትም ፕላሲቦ፣ በከፊል የሚሠራው በዚሁ ሥርዓት በኩል ነው። በ1978 ጥርስ የተነቀሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፕላሲቦው ያስታገሰውን ሕመም ናሎክሶን መልሶ አመጣው። በ2015 ደግሞ በድባቴ ታማሚዎች ላይ በፔት ስካን ሲታይ፣ ፕላሲቦ ሲወስዱ ብዙ ኦፒዮይድ የረጩት ሰዎች ለፕላሲቦውም፣ በኋላ ለተሰጣቸው እውነተኛ መድኃኒትም የተሻለ ምላሽ ሰጡ። ተስፋ ማድረግ በራሱ ቧንቧውን ይከፍታል። ለመድኃኒት ሠሪው ግን ራስ ምታት ነው፤ የሚወዳደረው ከባዶ ክኒን ጋር ሳይሆን ባዶ ክኒኑ ከቀሰቀሰው የአንጎል ኦፒዮይድ ጋር ነውና።

«ሩጫ ኢንዶርፊን ስለሚለቅ ያስደስታል» የሚለው የተለመደ አባባል ግን እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ከሩጫ በኋላ በደም ውስጥ የሚጨምረው ቤታ ኢንዶርፊን ወደ አንጎል የሚያስገባውን አጥር በቀላሉ አያልፍም። በ2021 በወጣ ጥናት ሯጮች ናልትሬክሶን ወስደው ኦፒዮይድ ተቀባዮቻቸው ተዘግተውም የሩጫው ደስታ ተሰምቷቸዋል። እንቅስቃሴ ለድባቴ ይጠቅማል፤ ምስጋናውን ሁሉ ለኢንዶርፊን መስጠት ነው ስሕተቱ።

ለሕመም ኦፒዮይድ፣ ለድባቴም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምን ይጠንቀቅ?

ከሁሉ በላይ ትራማዶልን። ትራማዶል እንደ ኦፒዮይድ ብቻ ሳይሆን ሴሮቶኒን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል በማብዛትም ይሠራል። እንደ ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶችም ሴሮቶኒንን ያበዛሉ። ሲደራረቡ ሴሮቶኒን ሲንድረም የተባለ አደጋ ሊመጣ ይችላል፦ መቁነጥነጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ላብ፣ ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጡንቻ መገተር። አብዛኛውን ጊዜ አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ ወይም መጠን ከጨመረ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይጀምራል፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ወጥመድ ስውር ነው። ትራማዶልና ኮዴይን ሕመም በደንብ የሚያስታግሱት በጉበት ኢንዛይም ወደ ኃይለኛ ቅርጻቸው ከተለወጡ በኋላ ነው። ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ያንን ኢንዛይም ያግዳሉ። ታማሚው «ክኒኑ አልያዘኝም» ብሎ ይደግማል፤ ያልተለወጠው ትራማዶል ይከማቻል፤ ከሕመም ማስታገስ ይልቅ ሴሮቶኒንን ማብዛትና የሚጥል በሽታ የሚመስል መንቀጥቀጥ ማምጣት ይጀምራል። የትራማዶል የቀን ጣሪያ ለአዋቂ 400 ሚሊግራም ነው፤ እንዲህ ባለ ሁኔታ ግን ከዚያ በታችም አደጋ አለ። ፍሉኦክሴቲን ደግሞ ከቆመ በኋላም ሥራው ለሳምንታት ይቀራል፤ «ባለፈው ሳምንት አቁሜዋለሁ» ማለት በቂ አይደለም።

እንቅልፍ ለማምጣት ወይም ጭንቀት ለማብረድ የሚወሰዱት እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችና አልኮል ከኦፒዮይድ ጋር ሲደመሩ ትንፋሽን በሁለት በኩል ይጫናሉ።

ኦፒዮይድ ከጀመሩ ሳምንታት በኋላ ደስታ እየጠፋ ከመጣ፣ ለሐኪም ስሜቱን ከቀኑ ቆጠራ ጋር መንገር ይጠቅማል፤ የሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን። በራስ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን ሐዘኑን ያባብሰዋል። ከዓመት በላይ የወሰደ ሰው ብዙውን ጊዜ በወር 10 በመቶ ገደማ እየቀነሰ ነው የሚወጣው።

ናልትሬክሶን የሚጀምር ሰው ደግሞ ከማንኛውም ኦፒዮይድ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ነጻ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ተቀባዩ ላይ ያለውን ኦፒዮይድ በአንዴ ገፍቶ የማቋረጥ ሕመሙን በደቂቃዎች ውስጥ ያመጣል። አንድ 50 ሚሊግራም ክኒን ተቀባዮቹን ለአንድ ቀን ያህል ይዘጋል፤ በየወሩ የሚሰጠው መርፌ ለሳምንታት። በዚህ መካከል አደጋ ደርሶበት ወይም ቀዶ ሕክምና አስፈልጎት ሞርፊን ቢሰጠው አይሠራለትም። ስለዚህ ናልትሬክሶን እንደሚወስድ የሚገልጽ ካርድ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ፣ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ሌላ ማደንዘዣ ይመርጥለታል።